ለቤተሰብ የተፈለገን ኪራይ ቤት ከተከራይ እንዴት መረከብ ይቻላል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙን ያከራየ አባት ልጁን ሊድር ነውና ቤቱን ይፈልገዋል፤ አያት ሰፈር ግቢ ያላት ሴት ደግሞ ለሕክምና ከገጠር የሚመጡ እናቷን ባከራየችው ሰርቪስ ቤት ለማስቀመጥ ታስባለች። ይህን ፍላጎት ተከራዩም አይነቅፈውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠብ የሚያስነሣው የሚለቀቅበት ቀን ነው። ስለዚህ ከመነጋገር በፊት ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይቀድማል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ የሚያዝ ሲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ወስኗል። በመሆኑም «ቤቱ የራሴ ነው፤ በወሩ ልቀቁልኝ» ማለት አያዋጣም። ውሉ ገና 9 ወሩ ከሆነ ያለው ሰላማዊ መንገድ የተከራዩን ስምምነት ማግኘት ነው፤ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ግን እንደማይታደስ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ያለው አከራይ ቤቱ በአዲስ አበባ ሥር መሆኑን ወይም በኦሮሚያ ክልል ወዳለችው ሸገር ከተማ መካለሉን ያረጋግጥ፤ ለኪራይ ጉዳይ የሚሄድበት ጽሕፈት ቤት በዚሁ ይለያያል።

ቀጥሎ ተከራዩን በአካል ማነጋገር ነው። ይህ በር ላይ ቆሞ፣ የኪራይ ሒሳብ እየተቀበሉ የሚጣል ወሬ መሆን የለበትም። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ባሉበት፣ ቢቻል በእሑድ ቡና ላይ፣ ቤቱ ለማን እንደተፈለገና መቼ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይነገራቸው። ልጆቻቸው በሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚማሩ ከሆነ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ጊዜ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ቀኑን ወደ ሐምሌና ነሐሴ መግፋት ለማንም አይበጅም፤ አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ፍራሹም ቁም ሣጥኑም ዝናብ ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት ትምህርት እንደተዘጋ፣ ክረምቱ ሳይጠና ያሉት የሰኔ የመጨረሻ ቀናት ከሁሉ ይሻላሉ።

የተስማሙበት ነገር በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ይስፈር። ቃሉ አጭር ቢሆን ይመረጣል፦ «በመካከላችን ያለው የኪራይ ውል ሰኔ 30 ቀን የሚያበቃ በመሆኑና ቤቱን ለልጄ መኖሪያ የምፈልገው ስለሆነ፣ ውሉ እንደማይታደስ አውቀው በዚሁ ቀን ቤቱን እንዲያስረክቡኝ በአክብሮት አሳውቃለሁ።» ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ተከራዩ በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች ባሉበት መስጠት ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) መላክ ይቻላል። የውሉ ዘመን ካለፈ በኋላ ምንም ሳይሉ ኪራይ መቀበል ውሉ እንደታደሰ ሊያስቆጥር ስለሚችል፣ ይህ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም።

ተከራዩ ከዘመኑ በፊት እንዲለቅ የተጠየቀ ከሆነ ጥያቄው ባዶ እጁን አይሁን። ያልተኖረበትን ቅድሚያ ክፍያ መመለስ፣ የመጨረሻውን ወር ኪራይ መተው ወይም የመኪናውንና የጫኝና አውራጁን ወጪ መጋራት ከወራት ክርክር ይረክሳል። «ለልጄ ነው» ብሎ አስወጥቶ በሳምንቱ ቁልፉን ለደላላ የሚሰጥ አከራይም አይጠፋም፤ የእሱ ጎረቤት በእውነት ለልጁ ቤት ሲፈልግ የሚያምነው የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ንግግሩ ከተበላሸ የሰፈር ሽማግሌ ይግባበት፤ ካልሆነም ውሉን፣ የደብዳቤውን ቅጂና ኪራይ የተከፈለበትን የባንክ ማስረጃ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ማምራት ነው። ውኃ መዝጋት፣ መብራት መቁረጥ ወይም ተከራዩ በሌለበት ቁልፍ መቀየር ግን ፈጽሞ አይሞከር። እንዲህ ያደረገ ባለቤት የራሱ ጥያቄ ሳይሰማ በያዝኩት ቤት ላይ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል የተከራዩ ክስ ተከሳሽ ሆኖ ሊቆም ይችላል።

በርክክቡ ዕለት ሁለቱም ወገኖች ክፍሎቹን አብረው ይዩ፤ የግድግዳው ቀለም፣ የበሩ እጀታና የቧንቧው ሁኔታ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ የመብራት ሒሳብ በአምፖል ቁጥር ስለሚከፋፈል፣ የመጨረሻው ወር ድርሻ እዚያው ታስቦ ይዘጋ። ቁልፎቹ፣ የውጭው በር ትርፍ ቁልፍ ጭምር፣ ተቆጥረው ከተፈረመ በኋላ ዕቃው ይጫን።