የሐሙሱን የጋዝ ቁጥር እንዴት እናንብብ?

አጎቴ ከሐረርጌ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ፔንስልቬንያ የምሠራበትን የተፈጥሮ ጋዝ ማከማቻ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ሲያየው «ታንከሩ የታለ?» አለኝ። ታንከር የለም። ጥቂት የጉድጓድ አፎች፣ ቧንቧና የኮምፕረሰሩ ቤት ናቸው፤ የቀረው ሣር ነው። «እንግዲያው እንደኛ የማሽላ ጉድጓድ ነዋ!» አለ። ከመሬት በታች በመሆኑ ልክ ነው፤ ግን ጋዙ የተቀመጠው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ይህን ሳይረዱ፣ በአሜሪካ ማከማቻዎች ስንት ጋዝ እንዳለ ሐሙስ ሐሙስ የሚነግረንን ቁጥር ማንበብ አይቻልም።

ውሃ የሞላ እንስራ ላዩ ሲያልበው አይታችኋል? ሸክላው ድፍን ቢመስልም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። የአሸዋ ድንጋይም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ አብዛኛው ጋዝ የሚከማቸው ጋዙ ወይም ዘይቱ ወጥቶ ባለቀበት እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከላይ የከደነው ጥብቅ ድንጋይ ጋዙን ለሚሊዮኖች ዓመታት ይዞ ኖሯል፤ ስለዚህ እናምነዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ እኛ የቆፈርነው ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አሊሶ ካንየን ከሚባል ማከማቻ፣ ጋዙ ያመለጠው በ1950ዎቹ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ የጉድጓዱ የብረት ቧንቧ ዝጎ ተሰንጥቆ ነው። እስኪዘጋ አራት ወር ገደማ ፈጀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ማከማቻ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ፣ ጉድጓዶቹ ስንት ዓመታቸው እንደሆነና መቼ እንደተፈተሹ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በኮምፕረሰር ገፍተን እናስገባለን፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች እናወጣለን። ሲወጣ እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ ወደ ዋናው መስመር ከመግባቱ በፊት ይደርቃል። ሁሉንም ግን አናወጣም። ሊጥ ሲጋገር እርሾ እንደሚቀር፣ ግፊቱን የሚጠብቅ ጋዝ ሁልጊዜ ታች ይቀራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ሪፖርቱን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ፣ በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 10:30 ላይ ነው። እስከ ያለፈው ዓርብ የነበረውን በቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ያሳያል። ታች የሚቀረው ጋዝ አይቆጠርም። ጠቅላላውን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ካለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት አማካይ ጋር አነጻጽሩት። ቀጥሎ የራሳችሁን ክልል እዩ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ «ምሥራቅ» የሚለውን። የደቡብ ማዕከላዊ ክልል ሁለት ቦታ ተከፍሎ ታገኙታላችሁ፤ «ጨው» የሚለው የከርሰ ምድር ጨው በውሃ እየሟሟ የተሠሩ ዋሻዎች ናቸው። ባዶ ዋሻ ያለው እዚያ ነው። በፍጥነት ይሞላሉ፣ በፍጥነትም ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ከሳምንት ሳምንት ቢዘል አይግረማችሁ።

በጣም ልብ የምትሉት ፌብሩዋሪን ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጋዝ ባነሰ ቁጥር ግፊቱም ይወርዳል፤ ያው ጉድጓድ በዲሴምበር በቀን የሚሰጠውን ያህል በፌብሩዋሪ አይሰጥም። ከአማካዩ በታች ሆኖ ፌብሩዋሪ የገባ ክልል ላይ ከባድ ብርድ ከመጣ፣ የጋዝ ዋጋ የሚንረው ያኔ ነው።