የመድኃኒት ዕፅዋት ምርመራ አልጥም ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ በመድኃኒት ዕፅዋት ውስጥ ያሉ ውህዶችን የሚመረምር ሰው ውጤቱ ሲበላሽበት ቀድሞ የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው። እኔ መሣሪያውን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ተክሉ ከተቆረጠ በኋላ ብልቃጥ ውስጥ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አንዱ ሲገጥማችሁ መንገዱን ወደ ኋላ ተከተሉት።

የእንዶዱ ጭማቂ ሳፖኒን አለው፣ ቀንድ አውጣ ግን አይገድልም

ይህን ምልክት በተለይ አጥብቄ አነሣዋለሁ፤ ብዙ ተማሪ «የወሎው እንዶድ ደካማ ነው» ብሎ የሚደመድመው እዚህ ላይ ነውና። ደካማው ተክሉ ሳይሆን አወጣጡ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ውህድ) በተፈጥሮው በሁለት ቦታ ስኳር የተያያዘበት ነው፤ እንዲህ እያለ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ አነስተኛ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና አንደኛውን ስኳር ቆርጦ ይጥላል። ገዳዩ ሳፖኒን የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ኢንዛይሙን ስለሚያመክነው ሳፖኒኑ ሳይለወጥ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬውን ወቅጡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉና አሳድሩት፣ ከዚያ አጥሉት። በጎን ከዚያው ፍሬ ጥቂቱን በሜታኖል አውጥታችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ያጠናው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ነበር። አጣቢዎቹ ፍሬውን የሚወቅጡት በውሃ ነው እንጂ በሜታኖል አይደለም። ስለዚህ ከተሁለደሬ ገበያ እንዶድ ስትገዙ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ «እማማ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው?» በሉ። የሚሰጧችሁ መልስ የሙከራችሁ የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ጂሲኤምኤሱ ከዚህ በፊት በተክሉ ላይ ያልተዘገበ ውህድ አሳየ

ጂሲኤምኤስ ውህዶችን በጋዝ መልክ ነጣጥሎ በስብርባሪዎቻቸው ክብደት የሚለይ መሣሪያ ነው። ከመደሰታችሁ በፊት የፒኩን (መሣሪያው ውህድ ሲያገኝ የሚሥለውን ጉብታ) የስብርባሪዎች ክብደት ቁጥር ተመልከቱ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው 149 ከሆነ በአብዛኛው ያገኛችሁት ፋታሌት ነው፤ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመር ኬሚካል። ምንጩ ቅጠሉ የመጣበት ፌስታል፣ አሟሚው የተቀመጠበት የፕላስቲክ ዕቃ ወይም የላስቲክ ክዳን ሊሆን ይችላል። ጎልተው የወጡት 207 እና 281 ከሆኑ ደግሞ ከኮለሙ (ውህዶቹ ከሚነጣጠሉበት ቀጭን ቱቦ) የሚረግፍ ሲሊኮን ነው።

ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አምጡ፤ ጭማቂውን በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ተክል የሌለበት ባዶ ናሙና ሥሩ፦ ያው አሟሚ፣ ያው ማጣሪያ ወረቀት፣ ያው ብልቃጥ። ባዶው ላይ የሚታይ ፒክ የተክሉ አይደለም። ባዶ ናሙና ሳይሠራ «አዲስ ውህድ ተገኘ» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

የጦስኙ ዘይት እጅግ አነሰ

ከደጋው የመጣው ጦስኝ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ በእንፋሎት ከመነጠሩ ብዙ ቀን አስቀድሞ ከተፈጨ፣ የዘይቱ ዋና ውህዶች የሆኑት ቲሞሉና ካርቫክሮሉ ከፊሉ ተንኖ ሄዷል። ክፍሉ በጦስኝ ሽታ ከታወደ ያ ሽታ ከናሙናችሁ የጎደለው ዘይት ነው። በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አድርቁት፤ የምትከትፉትም በምትነጥሩበት ዕለት ይሁን።

ከፍታውንም አትርሱ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ በባሕር ወለል አካባቢ ለተሠራ ሙከራ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የዘይቱ መጠን በተከታታይ ሁለት ንባብ እስኪገጣጠም ድረስ አንጥሩ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን የመነጠሪያው ማቀዝቀዣ ሞቆ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ፣ በበርሜል የተቀመጠ ውሃ በረዶ ጨምራችሁበት በትንሽ ፓምፕ አዙሩት።

የጥቁር አዝሙዱ ቲሞኪኖን ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል

ቲሞኪኖንን፣ የጥቁር አዝሙዱን ዋና ውህድ፣ የሚያበላሸው ብርሃን ነው። ቡናማ ጠርሙስ፣ ማቀዝቀዣ።

የፖሊፌኖሉ መጠን ለማመን ያስቸግራል

የፖሊፌኖልን መጠን በሰማያዊ ቀለም ድምቀት የሚለካው የፎሊን ሙከራ ፖሊፌኖልን ብቻ ለይቶ አያነብም፤ ቫይታሚን ሲ እና አንዳንድ ስኳሮችም ሰማያዊውን ቀለም ያመጣሉ። ቁጥሩን እንደ መነሻ ያዙት፤ የትኛው ውህድ እንደሆነ በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን በፈሳሽ ነጣጥሎ በሚለካ መሣሪያ) አረጋግጡ። ጭማቂው አረንጓዴ ከሆነም የክሎሮፊሉ ቀለም ከንባቡ ላይ ይቀነስ።

ከሁለት ገበያ የመጣው ኮሶ ሁለት ዓይነት ውጤት ሰጠ

የሴቴው አበባ ከወንዴው ጋር ተደባልቆ ይሆናል፤ ወይም አንደኛው የከረመ ነው። መድኃኒት የሚሆነው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው፤ ውህዶቹም በቆይታ ይዳከማሉ። የተሰበሰበበት ወር፣ ቦታና ጾታው ይመዝገብ። ለማንኛውም ተክል ቢሆን አበባ ያለው ቅርንጫፍ ተጭኖ ይድረቅና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይረጋገጥ፤ አንድ ስም በየወረዳው ለተለያየ ተክል ይሰጣልና።

የባህል መድኃኒት አዋቂው ዱቄቱን ይሰጣሉ፣ ተክሉን ግን አያሳዩም

ምን ተክል እንደሆነ በማይታወቅ ዱቄት ላይ የተሠራ ምርመራ አይታመንም። አዋቂው ግን የሚሸሽጉት በምክንያት ነው፦ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ መተዳደሪያቸው ነው፣ መጥቶ ጠይቆ የሄደው ተመራማሪም ሁሉ ተመልሶ አልመጣም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ስምምነት እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ፈቃዱን ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ጨርሱ፤ ምን እንደምትፈልጉና ምን እንደምታደርጉበት በአማርኛ ጽፋችሁ አንብቡላቸው። ውጤቱ ሲወጣ፣ በተለይ ጉበት ወይም ኩላሊት የሚጎዳ ውህድ ከተገኘ፣ ከማንም አስቀድሞ ለእሳቸው ይነገር።