አዳማ ላይ ዛፍ ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጋ መጥቶ አዳማ ላይ ቤት የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ግቢውን የሚያለማው በደጋ ልማድ ነው። ቦታው ግን ስምጥ ሸለቆ ነው፤ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት፣ ውኃ ቶሎ የሚያሰርግ፣ ነፋሱም የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚያዞር ነው።

ቅጠል የሌለውን ዛፍ ሞቷል ብሎ መቁረጥ፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ብዙ የቆላ ዛፎች በበጋ ቅጠላቸውን የሚያረግፉት ውኃ ለመቆጠብ ነው። መጥረቢያ ከማንሣትዎ በፊት ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ። ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ደግሞ ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው የሚኖረው፤ ክረምት ሲገባና ሁሉም ሲለመልም እርሱ ይራቆታል፣ በበጋ ሁሉም ሲደርቅ እርሱ ያቆጠቁጣል። በአዳማ ዙሪያ በማሳ መካከል ቆሞ የሚታየውም በቸልታ ተረስቶ አይደለም። ሰብሉ በሚያድግበት ጊዜ ጥላ አይጥልበትም፣ ሥሩ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ ፍሬው በበጋ የከብት መኖ ይሆናል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዙሪያውን ያርሳል እንጂ አይነካውም። በነሐሴ ራቁቱን አይቶ «ይህ ደረቅ እንጨት ይነሣልን» የሚለው የከተማው ሰው ነው።

ችግኝን ከነፕላስቲኩ መትከል፦ በዘመቻ ጊዜ ሁሉም ስለሚቸኩል ይህ ይዘወተራል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እየተጠመዘዘ ይቀራል፤ ችግኙ ክረምቱን በዝናብ ይሸኝና በጥር ይደርቃል፣ ጥፋቱም በፀሐዩ ይላከካል።

በየቀኑ ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ፦ እንዲህ የለመደ ሥር ከላይ ከላይ ይቀራል። በየተወሰነ ቀን በደንብ ማርካት ይሻላል። እሬት ግን ይህንንም አይፈልግም፤ ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል።

ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ለአጥር ማምጣት፦ ግራር ስለሚመስል ያታልላል። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን በአዋሽ ተፋሰስ፣ በተለይም በአፋር፣ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሷል። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይበትኑታል፤ ከመሬት በላይ ቢቆርጡት ደግሞ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እሾሃማ አጥር ከፈለጉ ቁርቁራ አለልዎት፤ አገር በቀል ነው፣ ፍሬውም ይበላል። ቅንጭብም ጥሩ አጥር ነው፤ ሲቆርጡት የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም።

ቅንጨ አረምን ነጭ አበባው ስላማረ ብቻ መተው፦ አበባው ሳይወጣ፣ በጓንት ይንቀሉት። ቆዳን ያሳክካል፣ አንዳንድ ሰው ላይም እንደ አስም ያለ የአተነፋፈስ ችግር ያስነሣል።

ከግቢ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፤ በአዳማ አቅራቢያ ባለው የፍል ውኃ መዝናኛ፣ በሶደሬ፣ ለጦጣ ሙዝ መስጠት። ጦጣን መመገብ ለልጆች ደስ ይላል፤ ጦጣው ግን ምግብን ከሰው እጅ መጠበቅ ይለምድና ሲከለከል ይነጥቃል፣ ይነክሳል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያም ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመጠየቅ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።