የውሻችሁን ስእል ከፎቶ ስታሰሩ እነዚን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጎንደር ላይ ሰአሊ አይጠፋም፣ ስእሉ ሚበላሸው ብዙ ጊዜ እኛ በምንሰጠው ፎቶ ነው። ሰውየው ውሻችሁን አያውቀውም፣ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ከየት ያመጣል?

የመጀመሪያው ስህተት ቆሞ ወደ ታች ማንሳት ነው። ሁላችንም እንደዛ ነው ምናነሳው፣ ከዛ ጭንቅላቱ ገዝፎ እግሩ የዶሮ እግር ሆኖ ይወጣል። ተንበርከኩ፣ ስልኩ በአይኑ ቁመት ልክ ይሁን። አፍንጫው ስር ግን አትጠጉ፣ በጣም ከቀረባችሁ አፍንጫው ያብጥና ጆሮው ያንሳል፣ ራቅ ብላችሁ አንሱ።

ፍላሽ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። ውሻም ድመትም አይናቸው ውስጥ ብርሃን ሚመልስ ሽፋን አላቸው፣ በፍላሽ አረንጓዴ ወይ ቢጫ ያበራል፣ እና ሰአሊው ትክክለኛውን የአይን ቀለም በምን ይወቅ? ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ወይ በር አካባቢ አንሱት። ጥቁር ውሻ ያላችሁማ በደንብ ተጠንቀቁ፣ ብርሃኑ ካልተስተካከለ ፀጉሩም አይኑም አንድ ጥቁር ነገር ይሆናል።

ፎቶውን በቴሌግራም ዝም ብሎ መላክም አለ፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ስክሪንሹትማ አይነሳ።

ብዙ ሰው ሚረሳው ግን አሳሳሉን አለመነጋገር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉትን አይናማ መላእክት አይታችኋል አይደል፣ በዛ በባህላዊው ስልት የለመደ ሰአሊ ውሻችሁንም እንደዛ ቢስለው አትገረሙ፣ ቆንጆም ሊሆን ይችላል ግን እናንተ ቁርጥ እሱን ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በነገራችን ላይ በድሮው አሳሳል ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት አይን ክፉው በጎን በአንድ አይን ነው ሚሳለው፣ እና ባህላዊ ከመረጣችሁ የጎን ፎቶ አትስጡት፣ ውሻው ምን በደለ። ሰው አሳምሮ ስሎ ፀጉር ላይ ሚቸገርም ስላለ ከዚህ በፊት የሳለውን እንስሳ አሳየኝ በሉት።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መጠኑን፣ ፍሬም ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ተስማሙ። ቀለም ሳይነካው በእርሳስ የነደፈውን እዩ፣ ጆሮ ማስተካከል ያኔ ቀላል ነው።

የመጨረሻው መጣደፍ ነው፣ ጥምቀት ሲደርስ ከውጪ ለመጣ ዘመድ ይዞ እንዲሄድ ብሎ ማዘዝ። የዘይት ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ነው፣ በደንብ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ጊዜ ከሌለ አክሪሊክ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሸራው መጠቅለሉ ካልቀረ ደግሞ ላላ ተደርጎ ቀለሙ ወደ ውጪ ሆኖ ይጠቅለል፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨማድዶ ሊሰነጠቅ ይችላል።