ለቆዩ ኢምቤድድ ፕሮሰሰሮች የሊነክስ ከርነልን እንዴት ማዋቀር ይቻላል

ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ ራውተር፣ የማሽን መቆጣጠሪያ ወይም የመለኪያ መሣሪያ ሽፋኑ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው አንድ ትንሽ ቦርድና የአርም ወይም የሚፕስ ፕሮሰሰር ይገኝበታል። ቦርዱ ዛሬም ሥራውን አላቋረጠ ይሆናል፤ ያረጀበት ከላዩ ያለው ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ቦርድ አዲስ የሊነክስ ከርነል ለማዋቀር የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል። ለምሳሌነት የተመረጠው በዘመኑ በስፋት የተሠራበት አርም 926 ነው፤ አካሄዱ ግን ለሌሎቹም በአብዛኛው ይሠራል። ትእዛዞችና የአማራጭ ስሞች እዚህ በድምፃቸው የተጻፉ ሲሆን በኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል መሆኑን አንባቢው ያስታውስ።

ደረጃ 1፦ ፕሮሰሰሩን በትክክል መለየት

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ገና የከርነሉ ማዋቀሪያ ምናሌ ሳይከፈት፣ እዚህ ላይ ነው። አርም ኩባንያ ለኮሮቹ (ለፕሮሰሰር ንድፎቹ) የሰጣቸው ቁጥሮችና ለአርኪቴክቸሩ (ፕሮሰሰሩ ለሚያውቃቸው መመሪያዎች ስብስብ) የሰጣቸው ቁጥሮች የተለያዩ ናቸው። አርም 7 ቲዲኤምአይ የሚባለው ኮር የ4ኛው አርኪቴክቸር ነው፤ 7ኛው አርኪቴክቸር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ኮርቴክስ ከሚባሉት ኮሮች ጋር የመጣ ነው። ከዚሁ ጋር አርም 920 የ4ኛው፣ አርም 926 የ5ኛው፣ በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ያለው አርም 1176 ደግሞ የ6ኛው አርኪቴክቸር ናቸው። «አርም 9» የሚለውን ጽሑፍ ቺፑ ላይ አይቶ 9ኛ ትውልድ ነው ብሎ የገመተ ሰው፣ ፕሮሰሰሩ የማያውቃቸውን መመሪያዎች የያዘ ከርነል ይሠራና ቦርዱ ለምን ዝም እንዳለ ሲፈልግ ይውላል።

ቦርዱ ላይ የቆየው ከርነል አሁንም የሚነሣ ከሆነ፣ ፕሮክ ከሚባለው ማውጫ ውስጥ ሲፒዩ ኢንፎ የተባለውን ፋይል ማንበብ ጥርጣሬውን ያስወግዳል። በአርም 926 ላይ የአርኪቴክቸሩ መስመር 5ቲኢጄ ይላል፤ የክፍሉ ቁጥር ደግሞ 926 ሆኖ ይታያል። ከዚያ ወደ ፊቸርስ መስመር መመልከት ነው። በዚህ መስመር ላይ ቪኤፍፒ የሚለው ቃል ከሌለ ከርነሉ የነጥብ ቁጥሮችን የሚያሰላ ሃርድዌር አላገኘም ማለት ነው፤ ይህች አንዲት ቃል መኖር አለመኖሯ በሚቀጥለው ደረጃ የኮምፓይለሩን ምርጫ ትወስናለች። ይህን ሁሉ፣ ከሜሞሪው መጠንና ከሲሪያል ወደቡ ዓይነት ጋር፣ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል።

ደረጃ 2፦ የከርነሉን እትምና ኮምፓይለሩን መምረጥ

የሊነክስ አበልጻጊዎች ተጠቃሚ ያጡ ፕሮሰሰሮችን በየጊዜው ከምንጭ ኮዱ ያስወጣሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊነክስን በ1991 የጻፈበት 386 ራሱ በ2013 ከወጣው 3.8 ጀምሮ አይደገፍም። በ2018 በወጣው 4.17 ደግሞ ብላክፊን የተባለውን የኢምቤድድ ፕሮሰሰር ጨምሮ ስምንት አርኪቴክቸሮች በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል። ስለዚህ የብላክፊን ባለቤት ከ4.16 ማለፍ አይችልም። የአርም 926 ባለቤት ግን እንደ 6.6 እና 6.12 ካሉት የረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው እትሞች አንዱን መምረጥ ይችላል፤ ምርጫውም እንዲህ ካሉት ባይወጣ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የአንድ ቦርድ ጠጋኝ ሰው በየሁለትና ሦስት ወሩ የሚወጣውን አዲስ እትም ተከታትሎ አይዘልቀውም።

ኮምፓይለሩ በተራ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ለአርም የሚያጠናቅር ክሮስ ኮምፓይለር ነው። ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው አሉ፤ አንዱ በጂኤንዩ ኢኤቢአይ ያበቃል፣ ሌላው መጨረሻው ላይ ኤችኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት ይጨመሩበታል። እነዚህ ሁለት ፊደላት ሃርድ ፍሎት (የነጥብ ስሌት በሃርድዌር) ማለት ሲሆኑ፣ ቪኤፍፒ ለሌለው ፕሮሰሰር የሚሆነው ያለ እነርሱ ያለው ነው። ከርነሉ ራሱ የነጥብ ስሌት ስለማይጠቀም በየትኛውም ቢጠናቀር ሊነሣ ይችላል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ችግሩ የሚታየው በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሲጀምሩ ነው። ዴቢያን በሚባለው የሊነክስ ሥርጭት ለእንደዚህ ዓይነት ቦርድ የተዘጋጀው አርምኤል የሚባለው ነው፤ አርምኤችኤፍ የሚባለው 7ኛውን አርኪቴክቸር ይጠይቃል።

ደረጃ 3፦ ከተዘጋጀ ውቅር መነሣት

ከባዶ ወይም ሁሉን ካጠፋው ታይኒኮንፊግ ለመነሣት መሞከር ለተማሪ መልካም ልምምድ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው እንዲያልቅ ለሚፈልግ ሰው ግን አይመከርም። ምንጭ ኮዱ ውስጥ፣ አርክ ከሚለው ማውጫ ሥር አርም፣ ከእርሱም ሥር ኮንፊግስ የሚባል ማውጫ አለ፤ በውስጡም ለታወቁ ቦርዶችና ለፕሮሰሰር ቤተሰቦች የተዘጋጁ ውቅሮች ተደርድረዋል። ለ5ኛው አርኪቴክቸር መነሻ የሚሆነው መልቲ ቪ5 ዴፍኮንፊግ ነው። የቦርዱ ቺፕ አምራች የራሱ ውቅር ካለው ደግሞ እርሱ ይቀድማል።

ሜክ የሚለው ትእዛዝ በተጠራ ቁጥር ሁለት ነገሮች መነገር አለባቸው፦ አርክ የሚለው ተለዋዋጭ አርም መሆኑና ክሮስ ኮምፓይል የሚለው የኮምፓይለሩን ስም ቅድመ ቅጥያ መያዙ። ሁለቱንም ሥራው ሲጀመር በኤክስፖርት ትእዛዝ ሼሉ ላይ አንድ ጊዜ ማስቀመጥ ብዙ ጣጣ ያድናል። እኔ በአንድ ወቅት ግማሽ ቀን የደከምኩበትን ውቅር ያጣሁት በአዲስ ተርሚናል አርክ የሚለውን ሳልገልጽ ሜክ ሜኑኮንፊግ ብዬ ነው። ምናሌው የኮምፒውተሬን የራሱን የኤክስ86 አማራጮች ይዞ ተከፈተ፤ እኔም ልዩነቱን ሳላስተውል አስቀምጬ ወጣሁ፤ የአርሙ ውቅርም በዚያው ጠፋ። የውቅሩ ፋይል ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት በሌላ ስም ቅጂውን ማስቀረት ይገባል።

ደረጃ 4፦ በምናሌው ውስጥ ፕሮሰሰሩን የሚመለከቱ ምርጫዎች

ሜኑኮንፊግ ሲከፈት መጀመሪያ የሚኬደው ሲስተም ታይፕ ወደሚለው ክፍል ነው። እዚያ 6ኛውና 7ኛው አርኪቴክቸር አለመመረጣቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከርነሉ 6ኛውንና 7ኛውን በአንድ ምስል ሊያጣምር ይችላል፤ 4ኛውንና 5ኛውን ከእነርሱ ጋር ማጣመር ግን አይቻልም፤ አዲሶቹ ተመርጠው ከሆነ የድሮዎቹ ከምናሌው ጨርሶ ይሰወራሉ። የሚፈልጉት ቦርድ በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ምክንያቱን መጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ። ቀጥሎ ለሌሎች ቺፖች የተመረጡትን ሁሉ አጥፍቶ የራስን ብቻ ማስቀረት ነው።

ኢኤቢአይን ተጠቅሞ ማጠናቀር የሚለው አማራጭ መመረጥ አለበት። ይህ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩበት ስምምነት ነው፤ በድሮው ስምምነት የተጠናቀረ ከርነል ዛሬ የሚዘጋጁ ፕሮግራሞችን አያስነሣም።

የቦርዱ ቡትሎደር (ከርነሉን ጭኖ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) የዲቫይስ ትሪ ዘመን ከመምጣቱ በፊት የተጻፈ ከሆነ፣ ዲቫይስ ትሪ የሚባለውን፣ የሃርድዌሩን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ለከርነሉ ማስረከብ አያውቅም። ቡትሎደሩን መቀየር ከሁሉ የሚያሰጋ ሥራ በመሆኑ (ከተበላሸ ቦርዱን የሚያስነሣ ነገር አይቀርምና) በቡት ኦፕሽንስ ውስጥ ያለውን፣ ዲቫይስ ትሪው ከከርነሉ ምስል ጫፍ ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርገውን አማራጭ መምረጥ ይሻላል። ከእርሱ ሥር የሚገኘው ሌላ አማራጭ ደግሞ የድሮው ቡትሎደር በአታግስ መልክ የሚልከውን የሜሞሪ መጠንና የትእዛዝ መስመር ወደ ዲቫይስ ትሪው ያስገባል። ከተጠናቀረ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች በካት ትእዛዝ አያይዞ አንድ ማድረግ ብቻ ይቀራል።

በምናሌው የማይታይ፣ ነገር ግን ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጠባይ አለ። ከ6ኛው አርኪቴክቸር በፊት ያሉ የአርም ፕሮሰሰሮች አራት ባይት የሚይዝ ቁጥርን በአራት ከማይካፈል አድራሻ እንዲያነቡ ሲታዘዙ እንደ አዲሶቹ አይሆኑም፤ ባይቶቹን አዟዙረው የተሳሳተ ቁጥር ሊያስረክቡ ይችላሉ። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ውጤቱ ግን ሐሰት ይሆናል። ከርነሉ ይህን የሚይዝበት ዘዴ አለው፤ ፕሮክ ውስጥ፣ ሲፒዩ ከሚለው ማውጫ ሥር አላይንመንት የተባለ ፋይል ላይ 3 ቢጻፍበት ስሕተቱን ያርማል፣ ማስጠንቀቂያም ይመዘግባል። አዲስ ፕሮግራም ወደ አሮጌ ቦርድ ሲዛወር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ማብራት ብልህነት ነው።

ደረጃ 5፦ ያለ እነርሱ የማይነሣባቸው

ለመቆጠብ ሲባል የሚጠፉ፣ ከዚያም የሚያስቆጩ ጥቂት አማራጮች አሉ። የኤልፍ ፋይሎችን (የተጠናቀሩ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ዓይነት) ማስኬድ፣ በስክሪፕት የተጻፉ ፋይሎችን ማስኬድ፣ የመሣሪያ ፋይሎችን የሚፈጥረው ዴቭ ቲኤምፒኤፍኤስ፣ የሲሪያል ወደቡ ድራይቨርና በእርሱ ላይ ኮንሶል የመክፈት ፈቃድ በሙሉ መብራት አለባቸው። ፍላሹን የሚያነበው ድራይቨርና ሩት ፋይል ሲስተሙ (ጄኤፍኤፍኤስ2፣ ዩቢአይኤፍኤስ ወይም ስኳሽኤፍኤስ) በሞጁል (በኋላ ከፋይል በሚጫን የከርነል ክፍል) መልክ ሳይሆን ከከርነሉ ጋር አብረው መገንባት ይኖርባቸዋል። ሞጁሉ የሚገኘው ገና ሊከፈት ባልቻለው ፋይል ሲስተም ውስጥ ከሆነ፣ ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው።

ከርነሉ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማስጀመር ሲያቅተው የሚያወጣው ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኔጋቲቭ 8 የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የኤልፍ አማራጭ ጠፍቷል ወይም ፋይሉ ለሌላ ፕሮሰሰር የተጠናቀረ ነው። ኔጋቲቭ 2 ፋይሉ የለም ማለት ቢሆንም፣ ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ እያለ ይህ ቁጥር ከወጣ፣ የጠፋው ፕሮግራሙ የሚፈልገው፣ ላይብረሪዎቹን የሚጭንለት ዳይናሚክ ሎደር ነው። ይህም በሃርድ ፍሎት የተሠራ ፕሮግራም በሶፍት ፍሎት ሥርዓት ላይ ሲገባ ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ደረጃ 6፦ መጠኑን መቀነስ

ወደዚህ ደረጃ የሚኬደው ከርነሉ አንድ ጊዜ በትክክል ከተነሣ በኋላ ነው። በጀነራል ሴትአፕ ውስጥ ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሳይሆን ለመጠን እንዲያሻሽል ማዘዝ፣ የማይፈለጉ የኔትወርክ ፕሮቶኮሎችን፣ የድምፅና የምስል ድራይቨሮችን ማጥፋት፣ ሁሉም ነገር አብሮ ከተገነባ የሞጁል ድጋፉን ጨርሶ ማንሣት ይቻላል። ካልሲምስ የሚባለው የስሞች ሠንጠረዥ ቢጠፋ ቦታ ያተርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከርነሉ ሲወድቅ የሚያሳየው የተግባር ስሞችን ሳይሆን ደረቅ አድራሻዎችን ስለሚሆን፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ በኋላ ሊጠፋ የሚገባው እርሱ ነው። ሜሞሪው ከ16 ሜጋባይት የማይበልጥ ከሆነ፣ ከ6.2 ጀምሮ የሚገኘው ስለብ ታይኒ የሚባል አማራጭ የሜሞሪ አከፋፈሉን ይቆጥባል፤ ከዚያ በላይ ላለው አይመከርም።

የምስሉ መጭመቂያ ምርጫ በቦርዱ ይወሰናል። ኤክስዜድ ከሁሉ ትንሹን ፋይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ደካማ ፕሮሰሰር ሲፈታው ጊዜ ይወስዳል። ኤልዜድኦ ፋይሉን ያተልቀዋል፤ ሲፈታ ግን ፈጣን ነው። በፍላሹ ላይ ለከርነል የተከለለው ክፍል ጠባብ ከሆነ ምርጫው አስቀድሞ ተወስኗል።

ደረጃ 7፦ መሞከር

ቦርዱን ከመንካት በፊት በኪውኢሙ፣ ማሽንን በሶፍትዌር በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ መሞከር ይቻላል። ቨርሳታይል ፒቢ የሚባለው የኪውኢሙ ማሽን አርም 926 ፕሮሰሰር ያለው ሲሆን፣ በቨርሳታይል ዴፍኮንፊግ የተሠራ ከርነልና የራሱ ዲቫይስ ትሪ ሲሰጠው ይነሣል፤ ኮንሶሉም ቲቲዋይ ኤኤምኤ0 ነው። ይህ የራስን ቦርድ ድራይቨሮች አይፈትንም፤ ኮምፓይለሩና ፕሮግራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ጋር መስማማታቸውን ግን ያሳያል።

በእውነተኛው ቦርድ ላይ አዲሱን ከርነል ወዲያው ፍላሽ ላይ መጻፍ አይገባም። ቡትሎደሩ በሲሪያል ወይም በኔትወርክ ወደ ሜሞሪ ጭኖ እንዲያስነሣው ማድረግ ይቻላል፤ ካልሠራ ኃይሉን አጥፍቶ ማብራት የቀድሞውን ይመልሳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው። ቡትሎደሩ ከርነሉን እያስጀመርኩ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዝምታ ከርነሉ ሞቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ወደሌለ ወደብ እየተናገረ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ በትእዛዝ መስመሩ ላይ የተጻፈው የኮንሶል ስም ከድራይቨሩ ጋር መግጠሙ ይታይ። ይህ ትክክል ከሆነ፣ ከርነል ሃኪንግ በሚለው ክፍል ውስጥ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን የስሕተት መፈለጊያና ኮንሶሉ ከመከፈቱ በፊት መልእክት የሚያወጣውን ኧርሊ ፕሪንትኬን ማብራት፣ የሲሪያል ወደቡን አድራሻ መስጠት፣ በትእዛዝ መስመሩም ላይ ኧርሊፕሪንትኬ ብሎ መጨመር ነው። ይህን የያዘ ከርነል በዚያ አንድ ዓይነት ቦርድ ላይ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ችግሩ ሲገኝ ይጠፋል። አሁንም ቃል ካልወጣ የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች የተሳሳተ የመጫኛ አድራሻ፣ የተሳሳተ ዲቫይስ ትሪ ወይም በደረጃ 1 የተሳሳተ አርኪቴክቸር ናቸው።

ደረጃ 8፦ ውቅሩን ማስቀመጥ

ሥራው ሲያልቅ ሜክ ሴቭዴፍኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ከነባሪው የተለዩትን ምርጫዎች ብቻ ለይቶ አጭር ፋይል ያወጣል። ሙሉው ውቅር በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ሊኖሩት ስለሚችል የሚጠበቀው ይህ አጭሩ ነው፤ ወደሚቀጥለው እትም ሲዛወሩም መነሻ ይሆናል። ቦታ ካለ ደግሞ ውቅሩ ከርነሉ ራሱ ውስጥ እንዲቀመጥና ከፕሮክ ሥር እንዲነበብ የሚያደርገውን አማራጭ ማብራት ጠቃሚ ነው። ቦርዱ የድሮው የ32 ቢት የሰዓት ቆጠራ ከሚሞላበት ከ2038 በኋላም እንዲያገለግል የታሰበ ከሆነ፣ በ32 ቢት ፕሮሰሰሮች ላይ የ64 ቢት ሰዓት ጥሪዎች የገቡት በ5.1 መሆኑን ማስታወስና በላዩ የሚሠሩት ላይብረሪዎችም በአዲሱ የሰዓት ዓይነት መጠናቀራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከርነሉ ብቻውን አይበቃም።