የጋሪ ውሻ በአላስካ የበረዶ ወራት፦ አጠጣጡ፣ የእግሩ ጥበቃና አጠማመዱ

የአላስካ ከተማ በሆነችው ፌርባንክስ በጃንዋሪ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 30 ሲያሳይ፣ የውሻ ግቢ ውስጥ አዲስ የገባ ረዳት መጀመሪያ የሚጨነቀው ውሾቹ በብርድ እንዳያልቁበት ነው። የበረዶ ጋሪ የሚጎትተው አላስካን ሃስኪ ግን አየሩን ይችለዋል። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 27 ኪሎ ነው፤ ጸጉሩ ድርብ ሆኖ ከሥር እንደ ባዘቶ ይለሰልሳል፣ ከላይ ይሻክራል። ተጠቅልሎ ጅራቱን አፍንጫው ላይ ጥሎ ሲተኛ፣ ጀርባው ላይ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ሲከመር ያያሉ። በረዶው ካልቀለጠ የሰውነቱ ሙቀት አላመለጠም። በእነዚህ ወራት ውሻ የሚጎዳው በአብዛኛው በጥማት፣ በእግር ቁስልና ገና ባልጠና ጅማቱ ላይ በሚጫን ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክርም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

ውሃ

ሥራ ላይ ያለ ውሻ በቀን ከ2 ሊትር ያላነሰ፣ ሩጫው ሲረዝም ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሊትር ፈሳሽ መውሰድ አለበት። የብርድ አገር አየር ደረቅ ነው፤ ውሻው እያለከለከ በሮጠ ቁጥር እርጥበቱ በትንፋሹ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ በሳህን ቢያስቀምጡለት ግን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፤ ሳህኑም ብዙ ሳይቆይ በረዶ ይሆናል። በረዶ እየላፈ መሄዱ አፉን ያርስለታል እንጂ ጥማቱን አይቆርጥም፤ ያንን በረዶ ለማቅለጥም የራሱን ሙቀት ይከፍላል።

መፍትሔው ውሃውን በሥጋ ማጣፈጥ ነው። ለአንድ ውሻ 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 100 ግራም ያህል የተፈጨ ሥጋ፣ ጉበት ወይም የዶሮ ቆዳ ይጨምሩና ውሃው እስኪቀላ ያማስሉ። ውሻው ታች የዘቀጠውን ሥጋ ለማግኘት ሲል ላዩን ሁሉ ይጨልጠዋል። ይህ ከሩጫው 2 ሰዓት በፊት ይሰጥ። ሆዱ ሞልቶ የሚሮጥ ውሻ ያስመልሳል፤ ሲከፋም ጨጓራው ተነፍቶ ይጠማዘዛል፣ ያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። 10 ደቂቃ ጠብቀው ሳህኑን ያንሱ። ያልጠጣውን ውሻ ልብ ይበሉ፤ ሁልጊዜ የሚጠጣ ውሻ ዛሬ እምቢ ካለ ያን ቀን ባይጠመድ ይሻላል።

ጥማትን በጣት ማወቅ ይቻላል። የትከሻውን ቆዳ ቆንጥጠው አንስተው ይልቀቁ። ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው፤ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀስ እያለ ከወረደ ውሃ አንሶታል። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይንኩ፤ የሚያዳልጥ መሆን አለበት፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ጠምቶታል። ነጭ በረዶ ላይ የሸናውም ይነበባል። ፈዛዛ ቢጫ መልካም ነው፤ የደፈረሰ ብርቱካንማ ከሆነ አጠጡት። ቡና የመሰለ ጥቁር ሽንት ግን ጡንቻው እየፈረሰ ለመሆኑ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ አንድ እርምጃ እንኳ አያስጎትቱ፤ ጋሪው ላይ ጭነው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ።

መንገድ ላይ በረዶ አቅልጠው የሚያጠጡ ከሆነ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ ትንሽ ውሃ ያድርጉ፤ በረዶ ብቻውን ከተጣደ ድስቱ ያርራል፣ ውሃው የማረር ሽታ ይይዝና ውሾቹ አይቀምሱትም። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ ሲቀልጥ የሚሰጠው ውሃ የመጠኑን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጊዜውንም ነዳጁንም አስበው ይጀምሩ።

ምግብ

የጋሪ ውሻ ረጅም መንገድ የሚሮጠው በዋነኛነት በስብ ነው። 23 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በልምምድ ወራት በቀን ከ3,000 እስከ 5,000 ካሎሪ ይፈልጋል፤ እንደ ኢዲታሮድ ባለ ውድድር ላይ ከ10,000 ያልፋል። ለልምምድ ቀን 500 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ (ፕሮቲኑ 30 በመቶ፣ ስቡ 20 በመቶ ገደማ የሆነ)፣ 400 ግራም ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ እና 100 ግራም ሞራ ጥሩ መነሻ ነው። ደረቁን ምግብ በሙቅ ውሃ አርሰው ያብሉ። ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ ሞራውን 50 ግራም ያህል ይጨምሩ፣ ግን በሁለት ሦስት ቀን አከፋፍለው። ስብ በድንገት ከበዛ ተቅማጥ ይመጣል፤ ተቅማጥ ያን ሁሉ ያጠጡትን ውሃ ይዞት ይሄዳል።

መጠኑን የሚወስነው ሚዛኑ ሳይሆን የውሻው ጎን ነው። ጸጉሩ ያታልላል፤ ጓንትዎን አውልቀው ጣትዎን እስከ ቆዳው ያስገቡ። ጎድን አጥንቱ በቀላሉ የሚዳሰስ፣ የጀርባ አጥንቱና ዳሌው ግን ያልሾለ መሆን አለበት። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን እያንዳንዱን ውሻ እንዲህ ይዳስሱ።

ከሩጫ መልስ ወዲያው መረቅ ወይም አንድ ቁራጭ የቀዘቀዘ ሞራ ይስጡ፤ ሙሉውን ምግብ ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ግቢው ውስጥ አይግባ፤ ለውሻ መርዝ ናቸው። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። የሰውን ሕመም የሚያስታግሥ ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል።

እግር

ቡቲ የሚባለው የጨርቅ ጫማ ከጠንካራ ናይሎን የተሰፋ፣ ላዩ ላይ በቬልክሮ የሚታሰር ከረጢት ነው። ሁልጊዜ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በረዶው እንደ ብርጭቆ ስባሪ ሲሻክር፣ ከዜሮ በታች 25 ገደማ ወርዶ እንደ አሸዋ ሲፈጭ፣ ወይም በተቃራኒው አየሩ ሞቅ ብሎ እርጥብ በረዶ በጣቶቹ መካከል ሲጠቀለል ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ ቡድን ግን ሁልጊዜም ማልበስ ይሻላል።

አለባበሱ ቀላል ይመስላል፤ ስሕተቱ ግን እዚህ ይበዛል። ከውሻው ጎን ተንበርክከው እግሩን ወደ ኋላ አጥፈው ይያዙ። በጣቶቹ መካከል ያለውን በረዶ በጣትዎ ሙቀት አቅልጠው ያውጡ፤ አይንጩት፣ ጸጉሩ ይነቀላል። ቡቲውን እስከ ጫፉ ያስገቡ፣ ቬልክሮውን ከመዳፉ በላይ ባለው ቀጭን ቦታ ላይ፣ ከጎን ጥፍሩ በታች ያዙሩ። ላስቲኩን ለጥጠው አያጥብቁ፤ ሲጠብቅ ደም ይቋረጣል፣ እግሩ ያብጣል፣ በብርድ ላይ ደግሞ ደም ያልደረሰው ጣት ይቀዘቅዛል። ሲላላም በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይወልቃል። የፊት እግር ከኋላው ስለሚሰፋ ለአንድ ውሻ ሁለት ቁጥር ሊያስፈልግ ይችላል።

የተቀደደ ቡቲ ከባዶ እግር ይብሳል። በቀዳዳው የገባው በረዶ ይጠቀጠቅና ድንጋይ ይሆናል፤ ውሻው በየእርምጃው እሱን ይረግጣል። ስለዚህ በየማቆሚያው ጫፉን ይዳስሱ። እረፍት ላይ ሁሉንም ያውልቁ። 12 ውሻ ማለት 48 ቡቲ ነው፤ ኢዲታሮድ ለአንድ ውሻ 8 ቡቲ እንዲያዝ የሚያስገድደው በከንቱ አይደለም።

ከሩጫ በኋላ አራቱንም እግር ይክፈቱ፦ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ የጥፍሩ ሥር ቀልቶ እንደሆነ፣ መዳፉ ተልጦ እንደሆነ። ለስንጥቅ ዚንክ ያለበት ቅባት በስሱ ይበቃል። ከመዳፉ በታች የወጣውን ጸጉር ከመዳፉ እኩል ይከርክሙት፤ በረዶ የሚጠቀለለው እሱ ላይ ነው።

ከኦገስት እስከ ጃንዋሪ

ልምምድ የሚጀመረው በረዶ ሳይወርድ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። ውሾቹ ባለአራት ጎማ ሞተር እንዲጎትቱ ይጠመዳሉ፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ስለሚሄድ ፍጥነቱ በእጅዎ ነው። አየሩ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ይተዉት፤ ጎህ ሲቀድ ይነሱ። ብርድ የሚችለው ያ ጸጉር ሙቀት ላይ ጠላት ይሆናል። ምላሱ ተንዘርፍጦ ጫፉ እንደ ማንኪያ ከሰፋ፣ የኋላ እግሩ ከተንገዳገደ፣ ያቁሙና ሆዱንና ብሽሽቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱ። ጤነኛ ውሻ እረፍት ላይ 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ41 አልፎ የሚንገዳገድ ከሆነ ሐኪም ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በሰዓት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ፤ ኦክቶበር መጨረሻ ከ15 እስከ 25፣ ዲሴምበር 50፣ ጃንዋሪ ከ60 እስከ 80። በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱ። ይህ ማዝገም ምክንያት አለው። የውሻ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ወራት ይፈልጋል። ኦክቶበር ላይ ውሻው ሊበር ሲል ያዩታል፤ የፊት እግሩ አንጓና ትከሻው የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ቡችላ በ6 ወሩ ሃርነስ የሚባለውን የመጎተቻ ትጥቅ ለብሶ ቀላል እንጨት እየጎተተ ይለምዳል። ወደ ቡድን ሲገባ፣ ገበሬ ወይፈንን ከለመደ በሬ ጋር እንደሚጠምደው ሁሉ፣ ካረጀ ጨዋ ውሻ ጎን ይሁን። አጥንቱ አድጎ ሳይጨርስ፣ ማለትም ዓመት ሳይሞላው፣ ረጅም ርቀት አይሩጥ። ሁልጊዜ ገና መሮጥ እያማረው ይመልሱት።

ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። «ሃይክ» ሂድ፣ «ጂ» ወደ ቀኝ፣ «ሆ» ወደ ግራ፣ «ዎ» ቁም፣ «ኦን ባይ» አትይ እለፍ። ቃሉን መታጠፊያው ከመድረሱ ጥቂት ሜትር ቀደም ብለው አንድ ጊዜ ይበሉ፤ ደጋግሞ የሚጮህ ነጂን መሪው፣ ማለትም ከፊት የሚሮጠው ውሻ፣ መስማት ይተዋል። መሪ የሚመረጠው በጉልበቱ አይደለም፤ ገመዱን አጥብቆ ቆሞ ነጂውን በሚጠብቅበት አእምሮው ነው። በ1925 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የዲፍቴሪያ መድኃኒት በውሻ ጋሪ ወደ አላስካዋ ከተማ ኖም ሲጓጓዝ፣ ረጅሙንና አደገኛውን ክፍል የነጂውን የሊዮንሃርድ ሴፓላን ቡድን እየመራ ያለፈው ቶጎ የ12 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

አጠማመድ

ጋሪው በቀላሉ በሚፈታ ገመድ ከጠንካራ ዛፍ ወይም ምሰሶ ይታሰር፤ የበረዶ መንጠቆውም በእግር ተረግጦ ይቀበር። ይህ ሳይሆን አንድም ውሻ አይጠመድ። ጀማሪ ከ4 ውሻ አይለፍ። ዋናውን ገመድ ዘርግተው መጀመሪያ መሪዎቹን ይጥመዱ፤ ገመዱን ይወጥሩልዎታል። በመጨረሻ ጋሪው ፊት የሚሆኑትን ሁለት ከባዶች። ሃርነሱ አንገቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ ጫፉ ጅራቱ ሥር የሚያርፍ ይሁን፤ ብብቱ ሥር ጸጉር ከተላጨ ልኩ አይደለም። ከሩጫ ሲመለሱ መጀመሪያ የመጎተቻውን ገመድ ይፍቱ፣ የአንገቱን በኋላ፤ መጎተት ያልቻለ ውሻ ይረጋጋል።

ጋሪው ቢገለበጥ መያዣውን አይልቀቁ። ነጂ የሌለው ቡድን አያቆምም፤ መንገድ ላይ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን ከገጠመው ደግሞ በገመድ የታሰሩ ውሾች ማምለጫ የላቸውም።

እየነዱ ጭንቅላታቸውን ይመልከቱ። የፊት እግሩን ያመመው ውሻ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ደህናው ሲረግጥ ዝቅ ያደርጋል። የላላ የመጎተቻ ገመድም ይናገራል። እንዲህ ያለውን ውሻ ፈትተው ጋሪው ላይ ይጫኑት።

ማደሪያ

ቤቱ ጠባብ ይሁን፤ በራሱ ትንፋሽ የሚሞቀው ያኔ ነው። ከኮምፖንሳቶ የተሠራ፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በሩ ለነፋሱ ጀርባውን የሰጠ። ውስጡ ገለባ ይነጠፍ እንጂ ድርቆሽ አይሁን፤ ገለባ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ድርቆሽ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ብርድ ልብስና ጨርቅም እንዲሁ ረጥበው ይደርቃሉ ተብለው አይታመኑ። ገለባው ሲረጥብ ወዲያው፣ ባይረጥብም በሳምንት አንዴ ይቀየር። ብርድ በእርግጥ የሚነካቸው ጸጉር የሌላቸውን ቦታዎች ነው፦ የወለደች ውሻ ጡትና የወንዱ ብልት። ነፋስ ባለበት ቀን ለእነዚህ የሆድ መሸፈኛ ያስሩ።

ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ያንሱ፣ እያነሱም ይዩት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ያን ዕለት ለሐኪም ይደውሉ።

ማርች መጨረሻ ላይ በረዶው እኩለ ቀን ላይ ይላላል፤ ሩጫውን ወደ ሌሊት ያዙሩ። ሥራው ሲቀንስ ሞራውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያውጡ፣ ከዚያ ደረቁን ምግብ ይቀንሱ። የሥጋ ውሃው ግን እስከ መጨረሻው ሩጫ ማግስት አይቋረጥ።