ጥንቸሎችን ስታላምዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አዲሷን ጥንቸል አምጥታችሁ ነባሩ ጎጆ ውስጥ አትክተቱ። በቃ፣ አትክተቱ! ስንቴ እንደተናገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሰው ግን አሁንም "ይላመዳሉ ብዬ እኮ ነው" እያለ ጆሮዋ የተተለተለ ጥንቸል ታቅፎ ይመጣል። ጎጆው የነባሩ ግዛት ነው። ጥጋጥጉን ሁሉ በአገጩ እያሻሸ ጠረኑን ቀብቶበታል። በእሱ ዓይን የመጣችው ወራሪ ናት፤ እሷ ደግሞ መሸሻ የላትም። የጥንቸል ቆዳ ስስ ስለሆነ አንድ ንክሻ ይበቃዋል። መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ በየራሳቸው አጥር አኑሯቸው። በሽቦው እንዳይናከሱ መሃሉ ላይ ክፍተት ተዉ። የሽንት ሳጥናቸውን እያቀያየራችሁ ጠረን ለጠረን ይላመዱ። ሲረጋጉ፣ ሁለቱም ረግጠውት በማያውቁት ቦታ አገናኟቸው።

ሳይመክኑ ማጣመርም አይሆንም። በጣም የሚስማሙት የመከኑ ወንድና ሴት ናቸው። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም ለሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ። "ወንድማማቾች ናቸው፣ አብረው ነው ያደጉት" ብላችሁም አትዘናጉ፤ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ለአቅመ መራባት ሲደርሱ፣ ትናንት ተቃቅፈው የተኙት ዛሬ ይቦጫጨቃሉ።

እኔም ያጠፋሁት አለ። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች በማላምድበት ጊዜ ሴቷ ወንዱ ላይ በወጣች ቁጥር ሮጬ እለያያቸው ነበር። ማን አለቃ እንደሆነ የሚወስኑት ግን እንደዚያ ነው፤ ሳይጨርሱ እያቋረጥኩ በየቀኑ ከዜሮ አስጀመርኳቸው። አሁን ቀላል ማባረርና ትንሽ ጸጉር መንጨት ሲያጋጥም ዝም ብዬ አያለሁ። በግልባጭ ዞራ ጭንቅላቱ ላይ ከወጣች ግን ወዲያው አወርዳታለሁ፤ ከሥር ያለው ብልቷን ሊነክሳት ይችላል። ጅራት ተቀስሮ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ መሽከርከር ከጀመሩ ጠብ መጣ ማለት ነው። ባዶ እጃችሁን እንዳታስገቡ! ወፍራም ጓንት አድርጉ።

ጊኒ ፒግ የሚባለው ትንሽ አይጥ መሰል የቤት እንስሳ ለጥንቸል ጓደኛ አይሆንም። የጥንቸሏ ርግጫ ጊኒ ፒጉን ይጎዳዋል፣ ምግባቸውም ይለያያል፣ እሷን ምንም የማያደርጋት ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ እሱን ሳንባው ላይ ሊያሳምመው ይችላል።

አንዱ ሲታመም ሁለቱንም ሐኪም ጋ ውሰዱ። ሌላ ጠረን ይዞ የተመለሰውን የቀረው ሊያጠቃው ይችላል።

ቶሎ ሁለቱን ብቻቸውን መተውም ስህተት ነው። አብረው እየበሉ፣ ተጠጋግተው እየተኙ ሁለት ቀን ያለ ጠብ ይለፉ። የእኔዎቹ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። አንድ ማታ ወንዱ ጭንቅላቱን ወለሉ ላይ ለጥፎ ቀስ እያለ ወደ አፏ ተጠጋ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችው። ከዚያ ግንባሩን ላስ አደረገችው።